ኩላሊቱና የለመደው ተህዋስ፦ የ2008 ዓ.ም. መጸው ከጎልቦ ሲታይ

የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ቀድመው የሚታወሱት ብዙ ሕዝብ የጨረሱት መቅሠፍቶች ናቸው፤ ፈንጣጣ፣ ኮሌራ፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቀባሪ ያሳጣው የኅዳር በሽታ። እነዚህ ታሪክ ጸሐፊ አላጡም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ቁጥራቸው ጥቂት የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ከወንድም፣ ከእኅት ወይም ከወላጅ አንድ ኩላሊት ተቀብለው ከሞት አፋፍ የተመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የማይበግረው ተህዋስ ደማቸው ውስጥ ሊገባ ይችላል ተብሎ የሚሠጋላቸው ሰዎች።

የአካል ንቅለ ተከላ ታሪክና የመድኃኒት መላመድ ታሪክ በየፊናቸው ሲጻፉ ኖረዋል። አንደኛውን የቀዶ ሕክምና ሰዎች እንደ ድል ዜና ይጽፉታል፤ ሁለተኛውን የላቦራቶሪ ሰዎች እንደ ማስጠንቀቂያ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ለኢትዮጵያ እንዲያውም የተገናኙበትን ወቅት በወር ለይቶ ማመልከት ይቻላል፤ የ2008 ዓ.ም. መጸው ነው። ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከጎልቦ መመልከት የተመረጠው ጎልቦ የንቅለ ተከላ ሆስፒታል ስላለው አይደለም። የለውም። ከሁለት አገሮች ሆስፒታሎች እኩል የራቀ፣ የሁለቱም አገሮች መድኃኒት የሚደርስበት፣ ነገሩንም በሦስት ቋንቋ የሚጠራ ቦታ ስለሆነ ነው።

ስለ ቃላቱ

«ንቅለ ተከላ» ከገበሬ ጓሮ የመጣ ቃል ነው። ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ በሌላ መሬት ሲተከል የሚሆነውን ይገልጻል። ሐኪሞቻችን ለአዲሱ ጥበብ ስም ሲሹ ወደ አትክልት ስፍራ ማማተራቸው የሚደንቅ አይደለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም «ኩፓንዲኪዛ» ሲል የቃሉ ሥር «ኩፓንዳ»፣ ማለትም መትከል ነው። ጎልቦ ግን የከብትና የግመል አገር እንደ መሆኑ ችግኝ ነቅሎ መትከል ከዕለት ኑሮው የራቀ ነው፤ ቃሉ ከሰሜንም ከደቡብም የእርሻ ጭቃውን እንደ ያዘ ደርሶታል። ችግኝ በአዲሱ መሬት ሥር ሲሰድ በአማርኛ «ጸደቀ» እንላለን። ስለ ኩላሊት ይህ ሲባል ባይሰማም ቢባል አይከፋም ነበር። ንጽጽሩ የሚሰበረው በአንድ ቦታ ነው፤ መሬት ችግኝን እንደ ባዕድ አይቆጥርም፤ የሰው አካል ግን የተተከለበትን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ ይዘምትበታል። የዚህ ጽሑፍ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ስብራት ነው።

ሁለተኛው ቃል «መላመድ» ነው። የመንግሥት ሰነዶች «የጸረ ተህዋስያን መድኃኒቶች መላመድ» ይላሉ። በመንደር ደግሞ «መድኃኒቱን ለምዶታል» ይባላል። ማን ነው የለመደው? አማርኛ ሰሚው አእምሮ ውስጥ ወዲያው የሚመጣው ሰውየው ነው፤ ቡና እንደሚለመድ፣ ጫት እንደሚለመድ። ስለዚህም አንዱ «እኔ አሞክሲሊን ለምጄዋለሁ፣ ሌላ ስጡኝ» ይላል፤ ሌላው «እኔ መድኃኒት ወስጄ ስለማላውቅ አልለመድኩትም» ብሎ ይጽናናል። ሁለቱም የግሡን ባለቤት ስተዋል። የለመደው ተህዋሱ ነው። የለመደውም በሌላ ሕመምተኛ ሰውነት፣ በሌላ ሰው ከብት ወይም በአንድ የሆስፒታል ክፍል የእጅ መታጠቢያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስዋሂሊው «ኡሱጉ» ይለዋል፤ ድርቅና፣ መጅ ማውጣት እንደ ማለት ነው። እርሱም ቢሆን ባለቤቱን አይነግረንም፤ ምስሉ ግን የልማድ ሳይሆን የጠነከረ ቆዳ ነው፤ ከእኛው ቃል ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ይመስላል። አዲስ ኩላሊት ለተቀበለ ሰው የባለቤቱ ጉዳይ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም፤ እርሱን የሚያሰጋው በአብዛኛው ሌላ ቦታ የሠለጠነ ተህዋስ ነውና።

ከአንድ አፈር

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በቦስተን ከተማ ጆሴፍ መሪ የተባለው ቀዶ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር ከአንድ መንትያ ወንድም ኩላሊት ወስዶ ለሌላው ተከለ። ኩላሊቱ ሠራ። የሠራው ግን ወንድማማቾቹ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች በመሆናቸው፣ የተቀባዩ አካል የመጣለትን ኩላሊት የራሱ ነው ብሎ በመቁጠሩ ነበር። መንትያ ለሌለው ሰው መንገዱ ዝግ ነበር። የተከፈተው የአካልን የመከላከል አቅም የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ሲገኙ ነው፤ በመጀመሪያ አዛታዮፕሪን በ1960ዎቹ መግቢያ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 የተፈቀደው ሳይክሎስፖሪን። በመካከሉ ባሉት ሃያ ዓመታት ብዙዎቹ ተቀባዮች የሞቱት በቀዶ ሕክምና ስሕተት አልነበረም፤ ኩላሊቱ እንዳይገፋ ሲባል አካላቸው ትጥቁን ስለ ፈታ፣ ቀላል የሚባለው ኢንፌክሽን ሁሉ ስለ በረታባቸው ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ከየት እንደ መጡ መመልከት ያሻል፤ የታሪኩ አስደናቂ ክፍል እዚህ ነውና። ሳይክሎስፖሪን የተገኘው ከኖርዌይ ተራራማ አፈር በተወሰደ ፈንገስ ውስጥ ነው። የሳንዶዝ ኩባንያ ሰዎች አፈር ይመረምሩ የነበረው አዲስ ጸረ ተህዋስ መድኃኒት ፍለጋ እንጂ ለንቅለ ተከላ ብለው አልነበረም። ዛሬ በብዙ ተቀባዮች እጅ የሚገኘው ታክሮሊመስ በ1984 እ.ኤ.አ. በጃፓን፣ በጹኩባ አካባቢ አፈር ውስጥ ከኖረ ስትሬፕቶማይሲስ ከተባለ የባክቴሪያ ወገን ተገኘ፤ ስትሬፕቶማይሲንና የቴትራሳይክሊን ዘሮችም የመጡት ከዚሁ ወገን ነው። ማይኮፊኖሌት የሚባለው ሦስተኛው ደግሞ ፔኒሲሊን ከወጣበት የሻጋታ ቤተሰብ ነው። ተህዋስን የሚገድለውና አካልን ትጥቅ የሚያስፈታው መድኃኒት የአንድ አፈር ልጆች ናቸው ማለት ነው። መድኃኒትን የሚያከሽፈው ችሎታም ቢሆን ጥንታዊ መኖሪያው ያው አፈር ነው፤ እርስ በርሳቸው መርዝ ሲረጫጩ የኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት መርዙን ማክሸፊያውንም አብረው አዘጋጅተዋል።

ለዚህም ነው መላመድ ከመድኃኒቱ ቀድሞ የታየው። በኦክስፎርድ ኤድዋርድ አብርሃምና ኤርንስት ቼን ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ መኖሩን ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1940 መጨረሻ ነው፤ የኦክስፎርድ ሐኪሞች የመጀመሪያውን ሕመምተኛ በፔኒሲሊን ለማከም የሞከሩት በ1941 መግቢያ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል በ1945 መጠኑ ያነሰ ፔኒሲሊን መውሰድ ተህዋሱን እንደሚያሠለጥን አስጠንቅቋል። በ1950ዎቹ ማብቂያ የጃፓን ተመራማሪዎች ከዚያ የከፋ ነገር አገኙ፤ የተቅማጥ ባክቴሪያዎች በአንድ ጊዜ ብዙ መድኃኒቶችን የመቋቋም ችሎታ ከመያዛቸውም በላይ ይህንኑ ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ማስተላለፍ ቻሉ። ከዚህ በኋላ መላመድ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርስ አልሆነም፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋሰው ዕቃ ሆነ።

ሐኪሙ የሚገባበት ማጥ

የተቀባዩ ደም የሚመረዝበት መንገድ ብዙ ነው። ሽንት ለመቀበል የገባ ካቴተር፣ ለእጥበት ወይም ለመድኃኒት ወደ ትልቅ ደም ሥር የተዘረጋ ቀጭን ቱቦ፣ ያልደረቀ የቀዶ ሕክምና ቁስል፣ ወይም ራሱ አዲሱ ኩላሊት ከሽንት ፊኛ ጋር የተጋጠመበት ቦታ በር ይሆናል። ሮበርት ሩቢንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጽሑፍ የተቀባዩን ዘመን በሦስት ከፍለውት ነበር፤ በመጀመሪያው ወር የሆስፒታሉ ተህዋስ፣ እስከ ስድስተኛው ወር ጤነኛ ሰው የማይነኩ ተህዋስያን፣ ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ተህዋስ። አከፋፈሉ ዛሬም ያገለግላል፤ ነገር ግን የተጻፈው የሆስፒታሉ ተህዋስ በመድኃኒት እንደሚሸነፍ በሚታመንበት ዘመን ነው።

ጤነኛ ሰው ደሙ ሲመረዝ ትኩሳቱ ይነድዳል። ተቀባዩ ግን በየዕለቱ ፕሬድኒሶሎን ስለሚወስድ ትኩሳቱ ሊታፈን፣ ሕመሙም ሊደበቅ ይችላል። ትኩሳት ቢመጣ እንኳ የኢንፌክሽን ይሁን አካሉ ኩላሊቱን መግፋት መጀመሩ አይታወቅም። ሕክምናው ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ለመገፋት የመከላከል አቅምን የበለጠ ማዳከም፣ ለኢንፌክሽን ማበርታት። ሐኪሙ ሕይወት ለማትረፍ የአዳካሚውን መድኃኒት መጠን ሲቀንስ የእኅት ስጦታ የሆነው ኩላሊት ሊጠፋ ይችላል። ሳይቀንስ ቢቀር ሕመምተኛው ራሱ ይጠፋል።

መድኃኒቱም ከሁለት የተሳለ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለረጅም ጊዜ መጀመሪያ ከሚታዘዙት አንዱ ጄንታማይሲን ነው፤ ጄንታማይሲን ኩላሊትን ይጎዳል። ሴፍትሪያክሶን ለኩላሊት የዋህ ነው፤ ክሌብሴላንና ኢ. ኮላይን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ግን እርሱን የሚሰብር ሰፊ ኢንዛይም ይዘው መታየት ከጀመሩ፣ ማለትም በጀርመን ከተገለጹበት ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በመላው ዓለም ተስፋፍተዋል። ሳይክሎስፖሪን በአሜሪካ የተፈቀደውም በዚያው ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ከእነርሱ ቀጥሎ ካርባፔኔም የሚባሉት አሉ፤ ሜሮፔነም ከእነርሱ አንዱ ነው። እነርሱም ሲከሽፉ የቀረው ኮሊስቲን ነበር፤ በጃፓን ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለ፣ ከዚያም በ1970ዎቹ ኩላሊት ስለሚጎዳ ወደ ጎን የተባለ አሮጌ መድኃኒት። ሌላ ሲጠፋ ከመደርደሪያ ተመልሶ ወረደ። ለኩላሊት ተቀባይ የመጨረሻው መሸሸጊያ የተተከለለትን ኩላሊት የሚመርዝ መድኃኒት መሆኑ ከዚህ ታሪክ መራራ ነገሮች ሁሉ ይበልጣል።

ከ2008 በፊት

ኢትዮጵያ ውስጥ ንቅለ ተከላ ከመጀመሩ በፊት ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዕድሉ ሁለት ነበር። አንደኛው እጥበት ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚያስፈልግ፣ በግል ሆስፒታል ሲሆን ቤት የሚያሸጥ። የታማሚ ፎቶግራፍ የለጠፈ መኪና በድምፅ ማጉያ እየለመነ በአዲስ አበባ ጎዳና ሲያልፍ ያላየ የከተማው ነዋሪ የለም። ሁለተኛው ዕድል ገንዘብ አሰባስቦ፣ ለጋሽ ዘመድ ይዞ፣ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር መሄድ ነበር።

በዚያው ዘመን የተህዋስያኑ ጉዞ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2008 በኒው ዴልሂ ሆስፒታል ተኝቶ ወደ ስዊድን በተመለሰ አንድ ሕመምተኛ ላይ ካርባፔኔምን የሚሰብር አዲስ ኢንዛይም የያዘ ክሌብሴላ ተገኘ፤ ኤንዲኤም-1 ተባለ። በ2010 በላንሴት ኢንፌክሸስ ዲዚዝስ የታተመ ጥናት ኢንዛይሙ የተገኘባቸውን የብሪታንያ ሕመምተኞች ታሪክ ሲያጣራ ብዙዎቹ ወደ ሕንድ ወይም ፓኪስታን ተጉዘው የነበሩ መሆናቸውን አሳየ፤ እዚያ ሆስፒታል ከገቡባቸው ምክንያቶች መካከልም የኩላሊት ንቅለ ተከላና እጥበት ነበሩ። የኢንዛይሙ ስም በሕንድ ብዙ ቁጣ አስነሥቷል። ቁጣው ከነምክንያቱ ነው፤ ተህዋስን በከተማ ስም መጥራት የበሽታውን ዕዳ በአንድ ሕዝብ ላይ መጫን ይሆናል። እኛም ደግሞ ኩላሊት ፍለጋ የሄደውን ወገናችንን ተህዋስ አምጪ ብለን ለመክሰስ ይህን ማስረጃ ልንጠቀምበት አይገባም፤ የሄደው አገሩ ሕክምናውን ስላልሰጠው ነውና።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የታየው ደግሞ እንዲህ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኤንዲኤም-1 የያዘ ክሌብሴላ በናይሮቢ ሆስፒታል ሕመምተኞች ሽንት ውስጥ መገኘቱን አስታወቀ፤ ናሙናዎቹ ከ2007 እስከ 2009 የተወሰዱ ነበሩ። ስዊድን ውስጥ ስሙ ከመውጣቱ በፊት ናይሮቢ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጅማ ሦስት ሕመምተኞች ላይ ከተገኘ አሲኔቶባክተር ውስጥ ያው ኢንዛይም መኖሩ ታተመ። ናይሮቢና ጅማ በካርታ ላይ በአንድ መስመር ሊያያዙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ተህዋሱ በዚህ መንገድ አለፈ ማለት አይቻልም። ማለት የሚቻለው በሁለቱም ጫፍ የነበረ መሆኑን ነው።

መጸው 2008

በጉለሌ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ለድኾች መታከሚያ ታስቦ የተሠራ ነው። በአዲሱ ሚሌኒየም መግቢያ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፍቶለት የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተባለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በዚሁ ሆስፒታል በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኩላሊት ንቅለ ተከላዎች ተደረጉ። ሥራው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የተዘጋጀ ነበር፤ የሚሺጋኑ ቀዶ ሐኪም ጄፍሪ ፐንችና የኩላሊት ሐኪሟ ዶክተር ሞሚና አህመድ በመርሐ ግብሩ ታሪክ ስማቸው የሚነሣ ነው። ኩላሊቱ የሚመጣው በሕይወት ካለ የሥጋ ዘመድ ነበር። አገሩ ደስ ቢለው ተገቢ ነበር፤ ኩላሊት ለመተከል ባሕር መሻገር ግዴታ መሆኑ የቀረበት ቀን ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ ከቻይና ሌላ ዜና ወጣ። ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚዘዋወር ዘረ መል በአሳማዎች፣ በሥጋና በሕመምተኞች ውስጥ ተገኘ፤ ኤምሲአር-1 የሚል ስም ተሰጠው። ከዚያ በፊት ኮሊስቲንን የሚቋቋም ባክቴሪያ አልታየም ነበር ማለት አይደለም፤ የሚታየው ግን በራሱ ውስጥ በሚፈጠር ለውጥ እንጂ ከጎረቤት በሚዋሰው ዕቃ አልነበረም። ለመላመዱ ምክንያት የተባለው መድኃኒቱ ለእንስሳት በብዛት መሰጠቱ ነው። የመጨረሻው በር የተነቃነቀው በበረት ነበር።

በታኅሣሥ 2008 ሦስተኛው መጣ። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞችና ተባባሪዎቻቸው በፕሎስ ዋን መጽሔት ያወጡት ጥናት ገና በርዕሱ በአዲስ አበባ ከደም ኢንፌክሽን የሚመጣው ከፍተኛ ሞት መንሥኤው የመድኃኒት መላመድ ነው አለ። ጥናቱ ስለ ንቅለ ተከላ ተቀባዮች አይደለም፤ ወደ ሆስፒታሉ ደማቸው ተመርዞ ስለ መጡ ሕሙማን ነው። ቢሆንም ለተቀባዩ የሚነግረው ግልጽ ነው፤ የመከላከል አቅማቸው በመድኃኒት ያልተዳከመባቸው ሰዎች በሚሞቱበት ከተማ፣ አቅሙ ሆን ተብሎ የተዳከመበት ሰው ሊኖር ነው።

መስከረም፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ሦስቱን ክሥተቶች ያገናኘ ጋዜጣ አልነበረም፤ በሦስት ልዩ ልዩ ሙያ የተጻፉ ነበሩና። በአውሮፓና በአሜሪካ ንቅለ ተከላ ያደገው አንቲባዮቲክ በሚጎለምስበት ዘመን ነው፤ ከ1954 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት አንድ መድኃኒት ሲከሽፍ ሌላ ይተካ ነበር። ኢትዮጵያ የገባችው ተተኪው በተቋረጠበት ሰዓት ነው። ይህ የሐኪሞቻችንን ሥራ አያሳንሰውም፤ ከመሪ ጋር ሲነጻጸሩ የሠሩት በጠባብ ድልድይ ላይ መሆኑን ያሳያል እንጂ።

ጠርሙሱ

ስለ ንቅለ ተከላ በሚነገረው ዜና ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መብራት ይታያል። የማይታየው ካልቸር የሚሠራበት ጠርሙስ ነው። ከተቀባዩ ክንድ፣ ቆዳው በሚገባ ከጸዳ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይወሰዳል፤ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መሆን አለበት። ጠርሙሱ በሰውነት ሙቀት ይቀመጣል። ባክቴሪያ ካለ ያድጋል፤ ይለያል፤ ከዚያም በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ይፈተናል። ሁሉም ሲደመር ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል። በእነዚያ ቀናት ሐኪሙ በግምት ያክማል። ግምቱ የሚረዳው ደግሞ በዚያው ሆስፒታል ባለፈው ዓመት ምን ተህዋስ እንደታየና በምን እንደ ተሸነፈ የሚናገር መዝገብ ካለ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ ፍርድ የአንድ አገር የንቅለ ተከላ ዕድሜ የሚለካው በቀዶ ሐኪሞቹ ብዛት ሳይሆን በካልቸር ጠርሙሶቹ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2009 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስለ ጸረ ተህዋስያን አጠቃቀምና መላመድ መነሻ ጥናት አሳትሟል፤ በ2011 የመጀመሪያው አገር አቀፍ ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2015 ታደሰ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በተመረጡ ላቦራቶሪዎች የመላመድ ቅኝት የጀመረው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያው ንቅለ ተከላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ዘግይቶ። ኩላሊቱ ቀደመ፤ መዝገቡ ተከተለ።

ወደ ጎልቦ

ጎልቦ ከደጋው ተረተር ሥር ተነሥቶ በሞያሌ ዙሪያ ወደ ደቡብ የሚዘረጋ ቆላ ነው፤ በኬንያ በኩል በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የአስተዳደር ክፍል አለ። ድንበሩ በ1907 እ.ኤ.አ. በምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገ ስምምነት የተወሰነ ነው፤ ከብቱና ባለ ከብቱ ግን ውኃና ሣር ባለበት ሲሻገሩ ኖረዋል። ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባም ወደ ናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በዜግነቱ መሠረት ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም በናይሮቢ ወደ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ንቅለ ተከላው ቢሳካለት የሩቢን ሦስተኛ ዘመን የሚጀምረው እዚህ፣ በቤቱ ነው።

በቤቱ ምን ይጠብቀዋል? በከተማው የኢትዮጵያ ወገን ፋርማሲ፣ በኬንያ ወገን «ዱካ ላ ዳዋ» አለ፤ በአንደኛው ያጣውን በሌላው ይፈልጋል። አንቲባዮቲክ በፍሬ መግዛት፣ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ለአካባቢው ብቻ ሳይሆን ለመላው አገር የቆየ ልማድ ነው። ከብት ሲታመም ባለቤቱ የእንስሳት ሐኪም ሳይጠብቅ ኦክሲቴትራሳይክሊን በመርፌ ይወጋል፤ በእርሱ አይፈረድም፤ ድርቅ ባለበት አገር ከብቱ ባንኩም ስንቁም ነው። ተቀባዩ ግን በዚህ ሁሉ መካከል የሚኖረው ከጎረቤቶቹ በተለየ ሰውነት ነው። ለእነርሱ ቀላል ተቅማጥ የሆነው ተህዋስ ለእርሱ የደም ኢንፌክሽን መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ከተላመደም ያዳነው ሐኪም 700 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገር ሪፋምፒሲን ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፤ ሪፋምፒሲን ግን የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ እጅግ ይቀንሳል፤ መጠኑ ካልተስተካከለ ኩላሊቱ ይገፋል። በተቃራኒው ክላሪትሮማይሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች የታክሮሊመስን መጠን ከፍ አድርገው ኩላሊቱን ይመርዛሉ። ከጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያዝዘው ባለሙያ ሰውየው ሌላ ሰው ኩላሊት እንደ ተሸከመ ካላወቀ ደግ ሥራው ጉዳት ይሆናል።

በሞያሌ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለቱም አገሮች የመላመድ ስትራቴጂ ነበራቸው። ሆኖም ኬላው የሚመረምረው ፓስፖርትና ጭነት ነው። የጎልቦ ተቀባይ በኪሱ ይዞት የሚያልፈው ወረቀት ግን የላቦራቶሪ ውጤቱ ነው፤ ከእያንዳንዱ መድኃኒት ስም ትይዩ አንድ የላቲን ፊደል ተጽፎበታል፤ ኤስ፣ አይ ወይም አር። «ኤስ» ተህዋሱ በመድኃኒቱ ይሸነፋል፣ «አር» አይሸነፍም ማለት ነው። ወረቀቱን በአማርኛ የሚያነብለት «ለምዶታል» ይለዋል፤ በስዋሂሊ የሚያነብለት «ኡሱጉ» ይለዋል፤ ቤት ሲደርስ እናቱ በቦረንኛ ትጠይቀዋለች፣ ማን እንደ ለመደ።